በስቅለት ሌሊት የመጣብኝ ሪህ

ሪህ የሥጋና የቢራ በሽታ ነው ሲባል ነው የኖርነው። እኔ ቢራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሪህ ሲይዘኝ ደግሞ ሁዳዴ ሊፈታ ምንም አልቀረውም፤ ሥጋ ካየሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ጎረቤቶቼ ለፋሲካ «እንኳን አደረሰሽ» ሊሉኝ መጥተው እግሬ በርጩማ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ፣ የበሽታውንም ስም ሲሰሙ፣ አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት «እትዬ፣ ለካ ተደብቀሽ ቁርጥ ትበዪ ኖሯል!» አለችኝ። አብረን ሳቅን። ግን እንዲህ ያለው ቀልድ ሰው ይጎዳል። በልቶ ያመጣው መስሎት አፍሮ ቤቱ የሚቀመጥ አለ፤ «አልበላሁም አልጠጣሁም፣ ስለዚህ ሪህ አይደለም» ብሎ ያልያዘውን በሽታ ሲያክም የሚከርምም አለ። በተለይ እንደኔ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ የደም ግፊት ኪኒን ለሚውጡ ሴቶች ነው ይህን የምጽፈው።

ዕድሜዬን በባሕር ዳር በጠመኔ አቧራ ውስጥ የጨረስኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝንና ሐኪሞቼን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ። የመድኃኒት መጠን ስጠቅስ እንድታውቁት ነው እንጂ ከዚህ አንብባችሁ እንድትውጡ አይደለም።

ሰሙነ ሕማማት እዚህ አገር በሙቀቱ ወራት ይውላል። ከጣና የሚመጣው ነፋስ እንኳ በቀትር አያበርድም። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ቀምሼ አከፈልኩ፤ ከዚያ በኋላ ውሃም አልደፈርኩም። ዓርብ እንደምታውቁት ቀኑን ሙሉ ስግደት ነው። የሰገደ ሰው ያውቀዋል፤ ወድቀን ስንነሳ ሰውነታችንን የሚገፋው የእግር አውራ ጣት ነው፤ ጣቱ ወደ ላይ እየተቀለበሰ መላ ክብደታችንን ይሸከማል። የግፊት ኪኒኔን ግን በጠዋቱ ውጬዋለሁ። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከመዳፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሕመም ቀሰቀሰኝ። ወልጃለሁ፣ የሐሞት ጠጠር ታምሜያለሁ፤ ይኼ የተለየ ነው። ጋቢው ሲነካው ጮህኩ። ልጄ መብራት አብርታ ስታየው የእግሬ ቆዳ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ በመጋጠሚያው ላይ ያለው ሽብሽብ ጠፍቷል፤ እጇን ስታስጠጋው ሙቀቱ ይሰማታል። በየጽሑፉ «ቀልቶ ታገኙታላችሁ» ይላሉ። በኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙም አይለይም፤ ጠቆር ወይም በለዝ ሊል ይችላል። እናንተ የቆዳውን መወጠርና ሙቀቱን እዩ።

በነጋታው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ስግደት አብዝተሽ ወለምታ ነው» አለች። ሌላዋ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ደቁሰን እንለጥፍበት ያለችም ነበረች፤ ልጄ ከለከለች። እንኳን ከለከለች፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። በመጨረሻ የሰፈራችንን ወጌሻ ጠሩልኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት፣ እጃቸውን ሳያሳርፉ ቀና አሉና «ይኼ የአጥንት ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ። እሺ ብለው አሽተውት ቢሆን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እንዲያ የተቆጣ መጋጠሚያ መታሸት የለበትም። ባጃጅ ተጠርቶ፣ እግሬን በመስኮቱ በኩል አውጥቼ ሄድን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «እናቴ፣ ትኩሳት ብርድ ብርድ ይልሻል? እግርሽ ላይ ቁስል ወይም የተወጋ ቦታ አለ? ስኳር አለብሽ?» እያለ ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ የሚጠይቀው መጋጠሚያው ውስጥ ጀርም ገብቶ እንዳይሆን ነው። መጋጠሚያ ካመረቀዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊበላሽ፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል፤ ሲታይ ደግሞ ከሪህ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ያበጠ ትኩስ መጋጠሚያ ከትኩሳት ጋር ከመጣባችሁ፣ ቀድሞ ሪህ እንዳለባችሁ ብታውቁ እንኳ፣ ቤት አትቀመጡ። ስኳር ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰውም እንዲሁ። ቁርጡን የሚነግረው ምርመራ ከመጋጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ሪህ ከሆነ የመርፌ ቅርጽ ያላቸው የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎች ይታያሉ። ይህ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ነገር አይደለም። የአውራ ጣት ሪህ ግን አመጣጡ በጣም የታወቀ ስለሆነ ሐኪም ብዙውን ጊዜ በማየትና በመጠየቅ ይደርስበታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ጋ ደርሰናል። ያን ዕለት የተሠራልኝ የዩሪክ አሲድ ምርመራ 5.8 አለ። በወረቀቱ ላይ ካለው መጠን አላለፈም። ከዚያ በፊት በስልክ ያማከርናቸው አንድ ባለሙያ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ሪህ አይደለም» ብለው ደመደሙ። ሐኪሙ ግን ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ዝቅ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል፣ እብጠቱ ከጠፋ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መደገም እንዳለበት ነገረን። ሲደገም 8.6 ሆነ። በሕመም ሰሞን «ነጻ ነህ» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ ደኅና ስትሆኑ አስደግሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት ሲያረጁና ሲፈርሱ ፒዩሪን የሚባል ነገር ይወጣል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከምግብ ይመጣል። ይህ ፒዩሪን ተሰባብሮ የመጨረሻው ትርፍ ዩሪክ አሲድ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ገደማ የሚያስወግደው ኩላሊት ነው፣ ቀሪው በአንጀት ይወጣል። ሪህ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ከመጠን በላይ ማምረት አይደለም፤ ኩላሊታቸው የሚገባውን ያህል አያስወጣም። ይህ ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና በየመጋጠሚያው ክሪስታል እየሆነ ይቀመጣል። እግር ከመላው አካላችን ቀዝቃዛው ክፍል ነው፤ በቅዝቃዜ ደግሞ ቶሎ ይጠጥራል። አውራ ጣት በየቀኑ የሚደርስበትን መቀጥቀጥ ጨምሩበት። ክሪስታሉ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ያገኙትና ጦርነቱ ይጀመራል።

ሴቶችን እስከ ወር አበባ መቆም ድረስ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይጠብቀናል፤ ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን እንዲያስወጣ ያግዛል። ከዚያ በኋላ ግን ጥበቃው ይነሳል። የሴት ሪህ አርጅቶ የሚመጣውና «ሴት ሪህ አይዛትም» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ስቅለት ሌሊት ምን ተፈጠረ? ሐኪሙ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ለዓመታት የምውጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት ኪኒን ሽንት ያበዛል፣ ዩሪክ አሲድን ግን እንዳይወጣ ይይዛል። ፉሮሴማይድ የሚባለው ሌላው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። በላዩ ላይ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳልጠጣ ዋልኩ፣ አደርኩ። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፤ ከስቡ የሚወጡት ኬቶኖች ደግሞ በኩላሊት በኩል ለመውጣት ከዩሪክ አሲድ ጋር ይሻማሉ። በመጨረሻ ጣቱ በስግደት ተጎዳ። ሥጋ እዚህ ውስጥ የለበትም። ደሜ ሲመረመር ኩላሊቴም ትንሽ ደከም ማለቱ ታወቀ፤ ይህን ያወቅሁት በጣቴ ሰበብ ነው።

ለሕመሙ የተሰጠኝ ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። በተለመደው አሠራር በቀን 30 ሚሊግራም ገደማ ለ5 ቀን ይሰጣል። ስኳርና ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ሁለቱንም እየለኩ ነው። ለብዙ ሰው የሚታዘዘው ግን እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ያለው መድኃኒት ነው። ወጣት ለሆነና ኩላሊቱም ጨጓራውም ጤነኛ ለሆነ ሰው ጥሩ ይሠራል። የኔ ቢጤ ግን፣ ግፊት ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ጨጓራው የሚደማ፣ ልቡ የታመመ ሰው፣ «አንዴ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋና ተገላገል» የሚለውን ምክር አይስማ። ያቺ መርፌ ሕመሙን ታስታግሳለች፤ ኩላሊቱን የምትጎዳው ድምፅ ሳታሰማ ነው።

ሦስተኛው ኮልቺሲን ነው። ዛሬ የሚታዘዘው በትንሽ መጠን ነው፤ መጀመሪያ 1 ሚሊግራም ገደማ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የዚያ ግማሽ፣ ከዚያ በቃ። ተቅማጥ እስኪይዝ በየሰዓቱ መዋጥ የድሮ አሠራር ነው፣ ዛሬም የሚያደርጉት ስላሉ ነው የማነሳው። ኮልቺሲን ሲበዛ መርዝ ነው። ኩላሊት የደከመ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል፤ ክላሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋርም አይገጥምም። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ቶሎ ሲጀመር ነው ደኅና የሚሠራው፣ ቢቻል በመጀመሪያው 24 ሰዓት። ሦስት ቀን ታግሶ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን «አይረባም» ቢል አይፈረድበትም።

ከመድኃኒቱ ሌላ የረዳኝ ነገር ቢኖር ቅዝቃዜና እረፍት ነው። በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ 15 ወይም 20 ደቂቃ ማሳረፍ፣ ማንሳት፣ ቆይቶ መድገም። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር በዚያ ሰዓት ያባብሰዋል። እግር ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ ይሰቀል። ለሌሊቱ ልጄ አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ በርጩማውን አልጋው ላይ በእግሬ በኩል አቆመችና ጋቢውን በላዩ ጣለችው፤ እግሬ ምንም ሳይነካው ከሥሩ አደረ። ለመተኛት ከኪኒኑ ያላነሰ የረዳኝ እሱ ነው።

ሕመሙ ሳይታከም እንኳ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይለቃል። ወጥመዱም ይኸው ነው። ሲለቅ ጠበል የተጠመቀው ጠበሉ፣ ቅጠል ያሰረው ቅጠሉ፣ መርፌ የተወጋው መርፌው ያዳነው ይመስለዋል። እኔ ጠበሌን አልተውኩም፤ ግን ክሪስታሉ እዚያው እንዳለ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ይኖራል፤ ለዓመታት ሲይዘው እየተወጋ፣ ሲለቀው እየረሳው ኖረ። በዓመት አንዴ የነበረው በየሁለት ወሩ ሆነ፤ ከአውራ ጣት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ጉልበት ወጣ። አሁን በክርኑና በእግሩ ጣቶች ላይ ጉብታ አለው። አንዱ ፈርጦ ሳየው ከውስጡ የሚወጣው ነጭ ነገር ልክ እንደ ረጠበ ጠመኔ ነበር። በሰሌዳ ላይ የጻፍኩበት ሁሉ ትዝ አለኝ። ያ መግል አይደለም፤ የተጠራቀመ ዩሪክ አሲድ ነው። አጥንቱንም ከሥሩ ይበላል።

እንግዲህ ሪህ የሚታከመው በማያምበት ጊዜ ነው። ዩሪክ አሲድን ዝቅ አድርጎ የሚያቆየው የታወቀው መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው። የሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ያን ሌሊት ብትውጡት ምንም አያደርግላችሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ለያዘው ሰው ሁሉ አይታዘዝም። ሕመሙ በዓመት ውስጥ ለሚደጋገምበት፣ ጉብታ ላወጣ፣ መጋጠሚያው ለተጎዳ ይታዘዛል፤ እንደኔ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም የኩላሊት ጠጠር ላለበት ደግሞ ከመጀመሪያውም ሊጀመር ይችላል። የሚጀመረው ከትንሽ ነው፤ በቀን ከ100 ሚሊግራም ያልበለጠ፣ ኩላሊቱ ለደከመ 50። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ ይጨመራል። የምትደርሱበት የዩሪክ አሲድ ቁጥር ከ6 በታች ነው፤ ጉብታ ላለበት እንደ ወንድሜ ላለው ከ5 በታች። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ቁጥሬ ስንት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ኪኒን ታዞላቸው ቁጥሩን ማንም ሳያይላቸው ዓመት የሚውጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ 100 ሚሊግራም ላይ ቆመው «እየወሰድኩ ያመኛል» ይላሉ።

በጀመርኩ በጥቂት ሳምንት ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ሰው ሁሉ «መድኃኒቱ ነው ያመጣብሽ፣ ጣዪው» አለ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ የኖረው ክሪስታል መሟሟት ሲጀምር ይቀሰቀሳል፣ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊደጋገም ይችላል። ለዚያ ነው ከአሎፑሪኖሉ ጋር ትንሽ ኮልቺሲን ወይም ሌላ መከላከያ ለ3 ወይም ለ6 ወር የሚሰጠው። የኔ መከላከያ አልቆ በየፋርማሲው ስናፈላልግ ነው የያዘኝ። ሐኪሙ የሕመሙን መድኃኒት ለብቻ ሰጥቶ «አሎፑሪኖሉን አንድ ቀን እንዳታቋርጪ» አለኝ። ማቋረጥና መጀመር ነው ሕመሙን የሚያመላልሰው።

አንድ ነገር ግን አለ፤ አሎፑሪኖል የጀመረ ሰው ሽፍታ ከወጣበት፣ አፉ ውስጥ ከቆሰለ ወይም ትኩሳት ከያዘው ያን ቀን ያቁም፤ ወደ ሐኪም ይሩጥ። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን ይገድላል፤ በብዛትም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር።

የግፊት ኪኒኔ ተቀየረ፤ አሁን ሎሳርታን ነው የምወስደው። ግፊትን ከማውረዱ ጋር ዩሪክ አሲዱንም ትንሽ ያስወጣል። ይህን ሰምታችሁ ግን የራሳችሁን ኪኒን በራሳችሁ እንዳትጥሉ። ከሪህ ሞቶ የተቀበረ አላየሁም፤ በግፊት የወደቀ ግን በየሰፈሩ አለ። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፊቱ ዘርግፉት። ለልብ የሚታዘዘው ትንሹ አስፕሪንም ዩሪክ አሲድ ይይዛል፤ ለሕመም ብላችሁ አትውሰዱት፣ ለልብ የታዘዘላችሁም አታቁሙት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ መጋጠሚያው የሚቆረጥመው ሰውም ይኖራል፤ ፒራዚናሚድ የሚባለው ዩሪክ አሲድን በጣም ይጨምራል። ለጤና ባለሙያው ይናገር፤ የነቀርሳውን መድኃኒት ግን አንድ ቀን እንዳያጓድል።

ምግቡን ወደ ኋላ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሱ ነው፤ ምግብ ብቻውን ግን ቁጥሩን ብዙ አያወርደውም። ሕመሙን የሚቀሰቅሱት ጉበት፣ ኩላሊት፣ በአጠቃላይ ዱለት ውስጥ የሚገባው ሁሉ፣ ቀይ ሥጋ ሲበዛ፣ የቆርቆሮ ሳርዲን ናቸው። ከመጠጥ ቢራ ክፉው ነው፤ አልኮሉም፣ ውስጡ ያለው ፒዩሪንም ያግዙታል። አረቄውም አይማርም፤ ጠላውንም ሳንመርቀው እንለፈው። ሰው የማይጠረጥረው ለስላሳ ነው። ስኳር ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶስ ደግሞ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። ቢራውን ትቶ በምትኩ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ብዙ አላተረፈም።

የጣና ዳር ሰው መቼም ስለ አሳ ሳይጠይቅ አያልፍም። አሳ ፒዩሪን አለው፤ ግን ጥቅምም አለውና ፈጽሞ ክልክል አይደለም። በፍስክ ቀን አንድ መካከለኛ የቆሮሶ ቁራጭ እበላለሁ፤ እስካሁን አልተጣላንም። የአሳ ዱለትና የአሳ ሾርባ በየቀኑ ግን ሌላ ነገር ነው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ አልበላም።

«ምስርና ሽሮ አቁሙ» የሚለው ምክር ግን ያናድደኛል። ለጾመኛ አገር ይኼ ምክር ነው? ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቆስጣ ፒዩሪን እንዳላቸው እውነት ነው። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን በጥራጥሬና በአትክልት ምክንያት ሪህ ሲጨምር አላዩም። ሐኪሜም ሽሮዬን አልነጠቀኝም። ወተትና እርጎ፣ በተለይ ቅባቱ የተገፈፈው፣ ይረዳል፤ ለፍስኩ ጊዜ። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ ሪህ አነስ ብሎ ታይቷል፤ ስለዚህ ጀበናዬን የሚያስጥለኝ አላገኘሁም፤ ስኳሩን ግን ቀነስኩ። ወፍራም የሆነ ሰው ክብደቱን ቀስ እያለ ቢቀንስ ጥሩ ነው። በርሃብ ራሱን እየቀጣ መሆን የለበትም፤ በድንገት መራብ ራሱ ሕመሙን ይጠራል።

የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር ነው የጨረስኩት። አፍሬ ነበር የሄድኩት። «ልጄ፣ ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ኩላሊት ለማድረቅ አይደለም፤ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል» አሉኝና ውሃዬን ጠዋት እንድጠጣ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ እንድወስድ፣ አክፍሎቱንም እንድተወው አዘዙኝ። ከእህልና ከሥጋው ጾም ግን አልወጣሁም። ስግደቱን በቻልኩት መጠን፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ ሲያመኝ ቆሜ። እናንተም ከሐኪማችሁ ቀጥላችሁ የራሳችሁን አባት ጠይቁ፤ በልባችሁ ወስናችሁ አትጎዱ። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼም ይኸው ችግር አለባቸው፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃውን ከፋፍሎ መጠጣት፣ በማፍጠሪያው ሰዓት ሥጋና ጣፋጭ አለማብዛት፣ ኪኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር። በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል፤ ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ ፈሳሽ የማያስወጣ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይንገረው።

ሰው ሁሉ የሚጠነቀቅለት ፋሲካ ሌሊት ራሱም አደገኛ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያልቀመሱትን በአንድ ጊዜ፣ ዶሮው፣ ከቅርጫው የደረሰው ጥሬ፣ ዱለቱ፣ ጠላው፤ ያውም በደረቀ ሰውነት ላይ። ቀስ ብላችሁ ግቡ። መጀመሪያ ውሃ።

ጫማ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ፊቱ ሰፊ፣ ጣት የማይጨብጥ ይሁን። ሕመሙ ሲነሳ ነጠላ ጫማም ሊከብድ ይችላል፤ ያኔ ከቤት አለመውጣት ነው። ሲለቅ ግን መራመድ ጥሩ ነው፤ እኔ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ እሄዳለሁ።

ልጄ የኔን አይታ ተመረመረች፤ የሷም ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሕመም ግን የላትም። መድኃኒት አልተሰጣትም። ቁጥር ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ሪህ አይዘውም፤ ሳያም ቁጥር ብቻ አይታከምም። ለስላሳ ቀንሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ግፊትሽን አስለኪ ተብላ ተመለሰች።

ፋርማሲ ስትሄዱ ደግሞ አሎፑሪኖል 100ም 300ም ሚሊግራም እንዳለው አስታውሱ። ፋብሪካው ሲለወጥ የኪኒኑ መልክና መጠን ይለወጣል፤ ሦስት ባለ 100 ስትውጡ የቆያችሁ ሰዎች ባለ 300 ተሰጥቷችሁ እንደለመዳችሁት ሦስት እንዳትውጡ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር እዚያው ባንኮኒው ላይ አንብቡት፤ ዓይናችሁ ካልለየው ፋርማሲስቱን «አንብብልኝ፣ ስንት ነው?» በሉት።